የሲስተር ኢቲዳል ቂም

በግብፅ፣ ከደመንሁር ወጣ ብላ ባለች ከተማችን፣ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ከሲስተር ኢቲዳል ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አለቃዬ ነበረች። ጠዋት ከበራፉ ጋሪ ፉልና ዳቦ ገዝታ ለሁላችንም ታካፍለናለች። ይቅርታ ግን አታውቅበትም። አማቷ በሠርጓ ዕለት የሰነዘረችባትን ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቃል በቃል ትደግመው ነበር።

አንድ ዓመት ሆስፒታሉ የመድኃኒት አቅራቢ ቀየረ። የፖታሲየሙና የጨው ውሃው ብልቃጥ አንድ ዓይነት ሆኖ መጣ፤ ቁመቱም እኩል፣ ጽሑፉም አረንጓዴ። በጨው ውሃው በበሽተኛ ክንድ ላይ የተተከለውን ቱቦ እናጥባለን፤ በቀን መቶ ጊዜ እናነሳዋለን። ፖታሲየም ሳይበረዝ ደም ሥር ከገባ ግን ልብ ያቆማል። ኢቲዳል ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ እንዳይቀመጡ ለዳይሬክተሩ ለዶክተር ራግብ ጻፈች። መልስ አጣች። ደግማ ጻፈች። ይሄኔ ቢሮው አስጠራት።

«ማንበብ የማትችል ነርስ ካለችሽ ቤቷ ገብታ ሽንኩርት ትክተፍ» አላት።

ራግብን አንቱ እንድለው አትጠብቁ፤ ምላሴ እሺ አይለኝም።

ሁለት ወር አልሞላም። ሁለት ነርሶች ለተሻለ ደሞዝ ወደ ኩዌት ሄደውብን፣ ሂያም የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ በሽተኛ ብቻዋን ይዛ ነበር። አንደኛው መቅቡል የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ሐሞቱን ተቀዶ፣ ድኖ፣ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ የተዘጋጀ። ሂያም ለመጨረሻ ጊዜ ቱቦውን ልታጥብለት ብልቃጥ አነሳች። ሰውዬው ስለ ልጁ ሠርግ እየነገራት ነበር። ወሬውን አልጨረሰም።

ራግብ ለጋዜጠኞች «የአንዲት ግዴለሽ ነርስ ጥፋት ነው» አለ። ስለ ደብዳቤዎቹ ትንፍሽ አላለም። ኢቲዳል ቅጂዎቹን ይዛ ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ዳኛው ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብልቃጡን ያነሳው የማን እጅ ነው? ሂያም አንድ ዓመት ተፈረደባት፤ የሥራ ፈቃዷም ተነጠቀ።

ከችሎቱ ስንወጣ ኢቲዳል ክንዴን ጨመቀችኝ።

«በገዛ እጁ ነው የማስይዘው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እሱን ገና አላውቅም።»

በሃምሳ አንድ ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የክፍል ጓደኞቿ «እማማ» ይሏት ነበር። የሚመሳሰሉ መድኃኒቶች ስለሚያመጡት ስህተት ላጥና ስትል መምህሯ ደስ አላቸው፤ ለሙያው ያላትን ፍቅርም አደነቁላት። እኔን ግን «የምን ፍቅር? ለራግብ ነው የማጠናው» አለችኝ።

ሦስት ዓመት ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞረች። ነርሶቹ መጀመሪያ ፈሯት። ስማቸውን እንደማትጽፍ በቁርኣን ስትምልላቸው ግን ተናገሩ። ካነጋገረቻቸው ሁለት መቶ አሥር ነርሶች መቶ ሠላሳዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ብልቃጥ አንስተው፣ ሊወጉ ሲሉ ነቅተው መልሰዋል። ይህን ስትነግረኝ አዘነች ብል እዋሻለሁ። ፈገግ ብላ ነበር።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ በሐኪሞችና በጤና ጥበቃ ሰዎች ሞላ፤ ራግብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኢቲዳል ሃያ ብልቃጥ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ወጣች። ሁሉም ውስጣቸው ውሃ ነው፤ ጽሑፋቸው ግን የፋብሪካው ነው።

«ዶክተር ራግብ፣ እንደ እርስዎ ያለ ልምድ ያለው ሰው ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል። በአንድ ደቂቃ አሥር የጨው ውሃ ይምረጡልኝ።»

«አሥር ብቻ?» ብሎ እየሳቀ ተነሳ።

ደቂቃው ሲጀምር በክፍላችን የሚሆነው ሁሉ ሆነበት። ስልክ ጮኸ። እኔ የበሽተኛ ዘመድ መስዬ «ዶክተር፣ አባቴ እያቃሰተ ነው!» እያልኩ እጀታውን ጎተትኩት። ከወዲያ ሌላ ነርስ ስለ አልጋ ትጠይቀዋለች። አሥሩን መርጦ ጨርሶ ላቡን ጠረገ።

ኢቲዳል ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ፖታሲየም። ይሄ በሽተኛ ሞቷል።»

ሰባተኛውን አነሳች። «ይሄኛውም ሞቷል፣ ዶክተር።»

«ቲያትር ነው ይሄ!» ብሎ ጮኸ። «ወጥመድ ነው!»

«አዎ፣ ወጥመድ ነው። ሂያም ሁለት ወር የሠራችበት ወጥመድ ነው። ያጠመደውም ማን እንደሆነ ላንብብላችሁ።» ሁለቱን ደብዳቤዎች ከነቀናቸው አነበበች። ራግብ ኮቱን ወንበሩ ላይ ረስቶ ወጣ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ፖታሲየሙ ከየክፍሉ ወጥቶ በቁልፍ ተቀመጠ፤ ራግብም ከዳይሬክተርነቱ ተነሳ። ለሂያም ፈቃዷ ተመለሰላት። እሷ ግን ከእስር ከወጣች ጀምሮ በአጎቷ ሱቅ መጋረጃ ትሸጥ ነበር። ኢቲዳል ወረቀቱን ስትሰጣት አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«አልመለስም፣ ሲስተር። መርፌ ስይዝ ሰውዬው ወሬውን ይቀጥልብኛል። ይሄን ሁሉ የደከምሽው ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ላንቺም ነው» አለች ኢቲዳል። ቆይታ ደግሞ፣ «ይበልጥ ግን ለራሴ» አለች።

አንድ ቀን «አሁንስ ልብሽ አልበረደም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ለምን ይበርዳል? ሂያም ሱቅ ውስጥ አይደለች?»

ራግብ አሁን ከከተማው ዳር ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ላይ ማኅተም ይመታል። ኢቲዳል ከቤቷ ጥግ ሌላ ጣቢያ አላት። የልጅ ልጇን ለማስከተብ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እሱ ዘንድ ትሄዳለች፤ ተራዋን ጠብቃ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።

«አንብበው ይምቱልኝ፣ ዶክተር፤ አልቸኩልም» ትለዋለች።