ከቀዩ ላይ የማትወርደው መርፌ

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን የጭነት መኪና አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ነድቼው አላውቅም። ባለቤቱ፣ የዳንግላ ነጋዴ የሆኑት ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ ከጎኔ ይቀመጡ ነበር። መንገዱን አያዩም። ዓይናቸው ከመሪው አጠገብ ካለችው የሞተር ሙቀት መለኪያ አይነቀልም። መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ «አቁም!» ይላሉ። አቆማለሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በእኔ በኩል ያለው በር ተጣሞ አልዘጋ ስላለ በሽቦ ታስሯል፤ እሳቸው ካልወረዱ እኔ መውረጃ የለኝም።

ነገሩ የመጣው ሞተሩ በእጄ ላይ ስለተቃጠለ ነው። ወደ ቆሰበር የሚያወጣውን ዳገት እየወጣሁ ሳለ ጭስ ፈነዳና ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰነጠቀ። መርፌዋ ግን እስከ መጨረሻው ከታች ነበረች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ስነግራቸው፣

«መለኪያው ምን በደለህና ታሳብብበታለህ?» አሉኝ።

አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር እል ነበር፤ ግን ሞተር አቃጠለ የተባለ ሾፌር ሌላ ማን ይቀጥረዋል? ሚስቴም ነፍሰ ጡር ነበረች። ሞተሩ ተጠግኖ የተመለሰ ዕለት መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተለዩኝም።

ከጥገናው በኋላ የመርፌዋ ጠባይ ተለወጠ። ቀድሞ አልነሳ ያለችው አሁን በሆነ ባልሆነው ወደ ቀዩ ትሮጣለች። ወርጄ ራዲያተሩን ስነካው ለብ ያለ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይንኩት። አልጋለም።»

«ያን ጊዜም አልጋለም ብለኸኝ ነበር» ይሉኛል።

አንድ ክረምት ጨው ጭነን ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ተነሣን። አዲስ ቅዳምን እንዳለፍን ጎርፍ ድልድይ ሰብሮ ስለነበር መኪና ሁሉ የሚያልፈው በመስኩ ዞሮ ነው። መስኩ ረግረግ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳያቆሙ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚያልፉት። መሀሉ ላይ ስንደርስ መርፌዋ ቀዩ ላይ ወጣች።

«አቁም!»

«ጋሼ፣ እዚህ ካቆምኩ አንወጣም። ያችን ጉብታ ብቻ ልለፍ።»

«አቁም አልኩህ! ደግመህ ልታቃጥልብኝ ነው?»

እንደማንወጣ እያወቅሁ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። ትእዛዙን የፈጸመው እኔ ሳልሆን እግሬ ነው። መኪናው ትንሽ ዘመም አለና የኋላ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ሰመጡ።

ዝናቡ አላባራ አለ። መስታወቱ በትንፋሻችን ታፈነ። ጨው በዝናብ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሸራውም አሮጌ ነው። እሳቸው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መርፌዋን ማየታቸውን ቀጠሉ። ጉልበቴን የምዘረጋበት ቦታ አልነበረም። እዚያው ተቀምጠን አደርን።

ጧት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው፤ አሁንም ቀዩ ላይ ናት። ሞተሩ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ይዩዋት።»

አዩዋት። «ብርዱ አድርቋት ይሆናል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም።

በዚያው ሰዓት በፈረስ የሚያልፍ አንድ ገበሬ አየንና ወደ እኛ ዞረ። በአማርኛ ሰላም ብሎን ሁኔታችንን ከጠየቀ በኋላ በሬ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሬዎቹን ይዞ ሲመጣ ሚስቱም ትኩስ ገንፎና እንስራ ሙሉ የፈላ ውሃ ይዛ አብራው መጣች። ውሃውን የለመንኩት እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው ወረዱልኝና እኔም ወረድኩ። በሞተሩ ውኃ ውስጥ የምትነከር ጣት የምታህል የመዳብ ጫፍ አለች፤ ከእሷ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ እስከ መለኪያው ይደርሳል። ጫፏን ፈትቼ አወጣሁና ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈንኩ። ጫፏን መጀመሪያ በጎርፉ ውኃ ነከርኳት። ሽማግሌው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ።

«የት ናት?» አልኳቸው።

«ቀዩ ላይ።»

ከዚያ በፈላው ውኃ ነከርኳት። «አሁንስ?»

«እዚያው ናት።»

ገበሬው ለሚስቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ነገራትና ሳቀች። ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ይቺ እኮ ሞታለች፣ አባቴ» አላቸው።

ቱቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ስከታተል ከአንድ ቡሎን ሥር ተጨፍልቆ አገኘሁት። ሞተሩን ሲጠግኑ አጥብቀውበታል። ሽማግሌው ጣታቸውን አስገብተው ራሳቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን እዚያው እንዳስገቡ ብዙ ቆዩ።

በስድስት በሬና በሰፈሩ ሰው ጉልበት ወጣን። ከጨዉ ጥቂቱ ሟምቷል። ቆሰበር ስንደርስ ሽማግሌው «እኔ በሌላ መኪና እመለሳለሁ። አንተ አራግፈህ ስትጨርስ ቀስ ብለህ ና» ብለውኝ ወረዱ። በሚቀጥለውም ጉዞ አልመጡም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከወራት በኋላ ባሕር ዳር ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ስለ መጀመሪያው ቃጠሎ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ውኃው ሲያልቅ የመዳቧ ጫፍ አየር ላይ ትቀራለች፤ ስለዚህ ሞተሩ እየነደደ መርፌዋ ትወርዳለች አሉኝ። ያን ቀን የራዲያተሩ የታች ጎማ፣ ማለት ውኃውን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ፣ ተቀዶ ውኃው መንገድ ላይ ፈስሶ ኖሯል። መርፌዋ ከታች ነበረች ማለቴ እውነት ነበር። ከመነሣቴ በፊት ጎማውን ማየት ግን የእኔ ሥራ ነበር።

ልናገር አልናገር እያልኩ አንድ ወር ከራሴ ጋር ታገልኩ። አሁን ነፃ ሰው ነኝ፤ ከተናገርኩ ተመልሰው ከጎኔ ይቀመጣሉ ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ ሱቃቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሚመዝኑት እህል ቀና ሳይሉ አዳመጡኝ።

«ታዲያ አሁን ጎማውን ታያለህ?» አሉኝ።

«በየጧቱ አያለሁ፣ ጋሼ።»

«እሺ» አሉና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። እኔም ውጭ ያቆምኩትን መኪና አስነሥቼ ሄድኩ።