በአጀንዳ የተያዘ ፍቅር

ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ አብሮኝ የሚስቅ ሰው አጥቻለሁ። ሙቀቱስ ይለመዳል፤ ብቻን መሳቅ ግን አይለመድም። እንደ እብድ ያስቆጥራል። የምወደው አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ የውጭ የፍቅር ኮሜዲ አለኝ፤ ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁሌም ብቻዬን ነው።

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋና ክፍሌ ምድጃ ሆነ። ላፕቶፔን ይዤ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወጣሁ። አከራዬ እዚያው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። በደርግ ጊዜ ካድሬ የነበሩ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማይወጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም። ሌላ የምጋብዘው ሰው አልነበረኝም፤ "ጋሼ፣ ይምጡ ፊልም እንይ" አልኳቸው። ግር እያላቸው ተጠጉ።

እየተረጎምኩላቸው ማየት ጀመርን። አንዲት ኮስታራ የኮሚኒስት ፓርቲ ተቆጣጣሪ ወደ ኮፍያ ፋብሪካ ትላካለች። እዚያ ያለ ቀልደኛ ሠራተኛ ይወዳታል። ተንበርክኮ "አፈቅርሻለሁ" ሲላት፣ ፊቷ ሳይፈታ "በአጀንዳ ይያዝና በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን" ትለዋለች።

ጋሼ ፈነዱ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በቃ፣ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

"ወላሂ እኔ ነኝ!" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ሚስቴን 'ጓድ' ነበር የምላት፣ እቤት ውስጥ ሳይቀር። 'ጓድ፣ እራት ደርሷል ወይ?' እላት ነበር እኮ! ደርጉ ወደቀ፣ አፌ ግን አንዴ ለምዷል።"

እኔ ገና እየሳቅሁ ነው። እሳቸው አቁመዋል።

"በስሟ የጠራኋት ከሞተች በኋላ ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ የፊልሙን መጨረሻ ጠየቁኝ።

"ይጋባሉ" አልኳቸው።

"ደግ አደረጉ። እንግዲህ አስር ደርሷል፣ ልስገድ" ብለው ገቡ። አልተመለሱም።

የቀረውን ብቻዬን አየሁት። ሰርጉ ላይ ሰውየው የሙሽራዋን ስም ሰው እስኪሰለቸው ይደጋግመዋል። ሁሌም የሚያስቀኝ ቦታ ነው፤ ያን ቀን ግን ሳቄ አልመጣም። እዚህ ከተማ በስሜ የሚጠራኝ ማን ነው እያልኩ አሰብኩ። ለቢሮው "የፋይናንሷ" ነኝ፤ ለባጃጆቹ "እህቴ"፤ ለጋሼ "ልጄ"።

ላፕቶፑን ዘጋሁና ስሜን ድምፅ አውጥቼ ጠራሁት። የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።