ጥቁር ልብስ በሲኒማ ቤት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አምስት ሰዎች ነበርን። ቲኬት ቆራጯ ከመስኮቷ ኋላ ተቀምጣለች። ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ተሰልፈዋል፤ እኔ በጥቁር ልብሴ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እንደ እኔው ጥቁር ለብሰው፣ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ አይተውኝ ደረጃው ሥር ቆመዋል።

ባለቤቴ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ሲኒማ እንደማይገባ አውቃለሁ። እሱ እያለ ግን በየወሩ አብረን እንገባ ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ይኸው ነው።

«የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ?» አሉ እትዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ውስጡ ጨለማ ነው ማዘር፣ ጥቁሩ አይታይም» አለ አንዱ ወጣት። ጓደኛው ሳቀ።

«ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሲሰበሰብ ቆሜ እናገራለሁ» አሉኝ እትዬ።

እንደሚናገሩ አልተጠራጠርኩም። ከዚያ በኋላ የባሌ ዘመዶች ደጄን እንደማይረግጡም አውቃለሁ። ቲኬቴን ቆርጬ ገባሁ። እሳቸውም ሊያስወጡኝ ቆርጠው ተከተሉኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቆሎ ይቆረጠማል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ከኋላ ያሉት ወጣቶች ተዋናዩን ይሰድባሉ፣ ይመክራሉ። ይህን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ቤት በጸጥታ የማየው ፊልም አይጥመኝም። ያልለመድኩት ጆሮዬ ሥር «ተነሺ» የሚሉትን እትዬን ነው። አልተነሣሁም።

ፊልሙ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሽተኛ መስሎ ስለሚተኛ ስስታም ነበር። ዶሮ ወጡን ከነድስቱ ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ ማቃሰት ሲጀምር፣ እትዬ «ተነሺ» ማለታቸውን ተዉ። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ኋላ ነጠላውን ለቀቁት።

«ማዘር ቀስ፣ ወንበሩ ይሰበራል» አለ ያ ወጣት ከኋላ።

«ዝም በል አንተ፣ የሚለውን አላሰማኸኝም» አሉት።

መብራቱ ሲበራ እንባቸውን በጥቁሩ ነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ወጣቱ ልብሳቸውን አየ፣ የእኔንም አይቶ አለፈ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ።

«ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ። «እዚህ መዋሌን ለሰው ብታወሪ ወዮልሽ።»

«እርስዎ ከተናገሩ እናገራለሁ» አልኳቸው።

ነጠላዬን አስተካክዬ በጎን በር ወጣሁ።