ከታደሰ መኪና ሥር የወሰድኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ ሰው ማማቴን ዘርዝሬ ስጨርስ "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባቴ" እላለሁ። ሌላ ነበር። ሁለት ሰው የሞተበት ሌላ ነበር። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም የአሻንጉሊት መኪና ሻንሲ ለመለወጥ ስል ነው። ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፤ ቆይታችሁ ትተዉታላችሁ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ቢቸና ውስጥ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርኩ። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ቢቸና የጣለኝ የመንግሥት ምደባ ነው። አብሮን የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ካርቶን ትቶ ሄደ፤ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለጓደኛዬ ለታደሰ። ታደሰ ሞጣ የሚኖር የመንግሥት ፒክአፕ ሹፌር ነበር። ቢቸና በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ያድራል። በየካርቶኑ ውስጥ ተገጣጥመው ትንሽ ፒክአፕ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ነበሩ። ስንገጥም፣ ስንሞርድ፣ ቀለም ስንቀባ ክረምቱ አለቀ።

የእኔዋ ላይዋ ያምራል፤ በሮቿ ይከፈታሉ፣ መብራቷ ያበራል ትላላችሁ። ሥሯ ግን እንደ መዳፍ ልሙጥ ነው፤ አንድ ዝርግ ፕላስቲክ፣ ሁለት ሽቦ፣ አራት ጎማ፣ በቃ። የታደሰዋ ላይዋ ሻካራና ወፍራም ነው። ስትገለበጥ ግን እውነተኛ ሻንሲ አላት። ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ አለ፣ ጭስ የሚያወጣው ማርሚታ አለ፣ ከመሪው ተነሥቶ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ቀጭን ዘንግ ሳይቀር አለ። አገሩ ያሉ ሰዎች የአንዷን ሻንሲ ለሌላዋ እያጋቡ ቁርጥ እውነተኛውን መኪና እንደሚያስመስሉ ፈረንጁ ነግሮን ነበር። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በክር ለካሁ፤ ከጎማ እስከ ጎማ እኩል ናቸው። እንለዋወጥ ብዬ ታደሰን ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። እሱ ይስቅብኛል። "ቲቸር፣ አንተ የምታየው ላዩን ነው፤ እኔ ተጋድሜ የምውለው ከሥሩ ነው" ይለኛል።

አንድ የገበያ ቀን ታደሰ ከሞጣ ሲመጣ ያው ዘንግ በሚነዳው በእውነተኛው መኪና ላይ ተሰበረ። መሪው እጁ ላይ ባዶውን ዞረ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ከድንጋይ ካብ ጋር አጣብቆ ገደለ። ቢቸና መግቢያ ላይ ስለነበር ከሰው ጋር ሮጬ ደረስኩ። የሰውየው ሆድ ተከፍቶ ታደሰ በሁለት እጁ መልሶ ሊይዝለት ይሞክር ነበር። ደሙ እስከ ክርኑ ደርሷል። ጣቶቹን ከሬሳው ላይ ያላቀቅናቸው በግድ ነው።

መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ታደሰ በዋስ ወጣ። የሟች ታናሽ ወንድም አንለይ ግን ዋስ አያውቅም፤ ደሜን እመልሳለሁ ብሎ ማለ። ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። ታደሰ ዘንጉ ተሰብሮ መሪው እምቢ አለኝ ቢላቸው መሪ እንዴት እምቢ ይላል አሉት። አንዳቸውም የመኪና ሥር አይተው አያውቁም። አንለይ በበኩሉ፣ ታደሰ ሰክሮ ነው የገደለው ይላል። በመጨረሻ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ቃል ሰጠ፤ እንዴት እንደተሰበረ በዓይኔ ካሳየኝ ደሜን ትቼ እታረቃለሁ አለ። የታደሰ ነፍስ በዚህ ቃል ላይ ተንጠለጠለች። ያችን ትንሽ መኪና ከሞጣ ይዟት የመጣው ለዚህ ነው።

በዕርቁ ዋዜማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። ነገ ለሽማግሌዎቹ በዚች አሳያቸዋለሁ ብሎኝ ደጅ ሊጠና ወጣ። እንዴት እንደሚያሳያቸው አልጠየቅኩም። መሬት ላይ እየነዳ የት ጋ እንደወጣ ሊያሳያቸው መሰለኝ። መሰለኝ ነው ወይስ እንዲመስለኝ ፈለግኩ? ዓይኔ ያየው ሻንሲውን ብቻ ነበር። አንዴ ልሞክረው አልኩ። ታደሰ በሙጫ አላጣበቃትም፤ በጣቴ ስገፋት ተላቀቀች። ሻንሲውን ከእኔዋ ሥር ሳስገባው ለእሷ የተሠራ ይመስል ቁጭ አለ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አፍሬ ነው የምናገረው። ሙጫውን ከፈትኩና አጣበቅኩት። የእኔን ልሙጥ ፕላስቲክ ከታደሰዋ ሥር አደረግኩ፣ በመጣችበት ጨርቅ ጠቀለልኳት፣ የእኔዋን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኳት። ነገሩ ሲያልፍ እነግረዋለሁ አልኩ።

ጠዋት ዕርቁ ወደሚደረግበት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነገረኝ። ገልብጦ ዘንጉን ያሳያቸዋል፤ ከዚያ በጣቱ ይሰብረዋል፤ ጎማዎቹ እንዴት ወደፈለጉበት እንደሚዞሩ አንለይ ራሱ በእጁ ይነካዋል። ቤቴ ከኋላችን ይታያል። ጊዜ ነበረን። ቆይ አንድ ነገር ረሳሁ ማለት እችል ነበር። ለምን አላልኩም? ሙጫው ደርቋል፤ ሻንሲውን ላላቅቅ ብል የእኔዋ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ውርደቱን ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። መጀመሪያ የፈራሁት ግን የአሻንጉሊቴን መሰንጠቅ ነው። እኔ እንደዚህ ያለ ሰው ነኝ።

ሰው ሁሉ መሣሪያውንና ዱላውን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንለይ ከፊታቸው ቆሟል። ታደሰ መሬት ስሞ ጨርቁን ፈታ። "ተሰበረ ያልኳችሁ ዘንግ ይኸውላችሁ፣ አባቶቼ" ብሎ ገለበጣት።

ልሙጥ ነበር።

መልሶ አቀናት፣ መልሶ ገለበጣት። በጣቱ ዳሰሰው። አንደኛው ሽማግሌ "የታለ ልጄ?" አሉ። ታደሰ ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አላየም፤ እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። አንለይ ቀስ ብሎ "ወንድሜን ከገደለ በኋላ በመጫወቻ ያላግጥብናል" አለና ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጥተው ተነሡ።

ቁልቁል ስንወርድ ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ሻንሲው አንተ ዘንድ ነው አይደል? ምንም አልልህም፤ አምጣልኝና አሁኑኑ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ልመለስ።" እኔ ምን አልኩ? "የምን ሻንሲ? ሞጣ ሳለህ ተምታቶብህ ይሆናል" አልኩት። ቆመ። "እንዲህ ከሆነ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አለ። አመነኝ። ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ገዛ ዓይኑን ትቶ እኔን አመነ።

አንለይ ከአንድ አጥር ጀርባ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው ምት የታደሰን ትከሻ ሰነጠቀው፤ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ታደሰ "ቲቸር" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሮጥኩ። እየሮጥኩ ሁለተኛውን ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላም ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ስመለስ ከሰው ጋር ነበር የተመለስኩት፤ ጭንቅላቱን በጋቢ ሸፍነውታል።

ፍርድ ቤት ዋናው ምስክር እኔ ነበርኩ። ወንጌል መትቼ ማልኩ። መጥረቢያውን ማን ያዘ? አንለይ። ማን መታ? አንለይ። አንለይ ዳኛውን፣ ታደሰ ዘንጉን ቢያሳየኝ ኖሮ ታርቄ ነበር፤ አታለለኝ አላቸው። ዘንጉ የት እንዳለ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የተጠየቅኩት ግን መጥረቢያውን ነው፤ የተጠየቅኩትን መለስኩ። አንለይ በገበያ ቀን ተሰቀለ። እግሮቹ ሲወራጩ አየሁ፤ ሌላ ሰው ዞር ሲል እኔ አልዞርኩም። ታደሰም ሞቶ ውሸታም ተባለ፤ ሞጣ ያሉ ዘመዶቹ ቀብሩ ላይ እንኳ ቀና ብለው አላለቀሱም።

ዝውውር ጠይቄ ሄድኩ። መኪናዋን ከዚያ ቀን በኋላ አላየኋትም፤ ከነሳጥኑ ወንዝ ጨመርኳት። ብዙ ዘመን አልፎ ቢቸና ተመለስኩ። የአንለይ እናት ሁለት ልጅ ከቀበሩ በኋላ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። መንገዱን በሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"አልቀየምኩህም ልጄ" አሉኝ። "ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገርክ። ያ ውሸታም ነው ልጆቼን የበላብኝ። አንተን እግዚአብሔር ከነእውነትህ ያኑርህ።"

አሜን አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እናንተ ግን እንደ እሳቸው ሳታውቁ አትመርቁኝም፤ ምክንያት አላቀርብም፤ ይቅር በሉኝም አልላችሁም።