ጥቁር የሚወልቅበት ባሕር

ከሮም የተነሣነው ፍልሰታ በተፈታ በማግስቱ ጠዋት ነበር። የጉዞው ዓላማ ለሰው ሲነገር ዕረፍት ነው። እኔ ግን ከዕረፍቱ ሌላ ሁለት ሸክም ይዤ ነበር የወጣሁት፤ አንዱ በኪሴ፣ ሌላው በጆሮዬ።

በኪሴ የነበረው ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ነው። መንግሥት ልኮኝ ሮም ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ የእርሻ መሥሪያ ቤት የአፈር ባለሙያ ሆኜ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደርግ አሁን ተመለስ ብሎኛል፤ መልሴንም እስከ አዲስ ዓመት ማሳወቅ አለብኝ። እኔ ለመመለስ ቆርጬ ነበር። አገሬ ነው፣ ቤቴም እዚያ ነው። ባለቤቴን የሺን ምን ትያለሽ ስላት ግን መልሷ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከአየርላንድ ስንመለስ እነግርሃለሁ። አዲስ አበባ መግባትና አየርላንድ መዝናናት ምን እንዳገናኛቸው ሊገባኝ አልቻለም።

በጆሮዬ የነበረው የእትዬ ጽጌ ትእዛዝ ነው። እትዬ ጽጌ በአንድ ጣሊያን ቤተሰብ ቤት ሲሠሩ ያረጁ፣ ሮም ላለነው ሐበሾች እንደ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። የየሺ ብቸኛ ወንድሟ አሰግድ አዲስ አበባ ውስጥ መሞቱ ሲሰማ መርዶውን ያረዷት እሳቸው ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ስድስት ሰው አስከትለው በራችንን አንኳኩ። ሬሳው አልተገኘም፤ በዚያ ዘመን ሬሳው ያልተገኘ ወጣት ብዙ ነበር። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። አሰግድን እወደው ስለነበር ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሺ ጥቁር ለበሰች። ዓመቱ ሲሞላ ታወልቃለች ብለን ስንጠብቅ ዓመቱ አለፈ፤ ጥቁሩ ግን ከላይዋ አልወረደም።

እትዬ ጽጌ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሊሸኙን መጥተው ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። «አሎራ፣ እንግዲህ ልጄ፣ ጥቁር ሲበዛ ሌላ ሞት ይጠራል። ወደምትወደው ባሕር ከወሰድካት ዘንዳ አስወልቀህ አምጣት። አዲሱን ዓመት በከል እንዳትቀበል» አሉኝ። እሺ እትዬ አልኳቸው። እሺ ማለት ድሮም አይከብደኝም።

ከሮም እስከ ደብሊን

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነበር። የኦስቲያ ባሕር ዳርቻ እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት፣ ፀሐዩ ሞልቶ፣ ለምን አየርላንድ? እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ዓመት አንድ አየርላንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ የአገሩን ባሕር አወድሶ ላከን፤ ከዐሥሩ ቀን ስምንቱ ዘነበ። ሁለተኛ አልመጣም ብዬ ማልኩ። በዓመቱ፣ የአሰግድ መርዶ ገና ትኩስ ሳለ፣ የሺ እዚያው ውሰደኝ ስትል ሐዘንተኛ እምቢ አይባልም ብዬ ሄድኩ። እነሆ ዘንድሮ ሦስተኛችን።

አውሮፕላኑ ደብሊን ሲያርፍ በነሐሴ ወር ካፖርት ለበስን። ዝናቡ ዝናብ አይሉት፣ ጉም አይሉት። የታክሲውን ሹፌር ይዘንባል እንዴ ብዬ ብጠይቀው «ደስ የሚል ቀን ነው» አለኝ። መስኮቱን አየሁት፤ ውሃ ይወርዳል።

በባቡር ወደ ምዕራብ

በማግስቱ ወደ ጎልዌይ የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ሦስት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ሁሉ ሣር፣ ላም፣ ሣር፣ ላም ነው። ወደ ምዕራቡ ሲጠጉ ድንጋዩ ይበዛና ማሳዎቹ ሁሉ በድንጋይ ካብ ይታጠራሉ። አንዳንዱ ማሳ ከሳሎናችን አይሰፋም። ይህን ሁሉ ድንጋይ ከአፈሩ የለቀሙት ሰዎች አሳዘኑኝና ለየሺ ስለ አፈሩ ማስረዳት ጀመርኩ። ሻይዋን በወተት እየጠጣች አዎ፣ አዎ ትለኛለች፤ ልቧ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። እጇን አየሁት። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

ከጎልዌይ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሄደን መንደሯ ደረስን። ስሟን ለራሳችን አስቀርተነዋል። አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አራት መጠጥ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ነው። የምናርፈው ወይዘሮ ፔግ ከሚባሉ፣ ባላቸው ዓሣ አጥማጅ ከነበረ ባልቴት ቤት ነው። ፎቁን ለእንግዳ ያከራያሉ። እራት የተጨሰ ዓሣ፣ ድንች፣ ጥቁር ዳቦና ቅቤ አቀረቡልን። ምድጃው ውስጥ የሚነደው ከረግረግ እየተቆረጠ የደረቀ አፈር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ አፈር እንዳይሸረሸር ስታገል የኖርኩ ሰው፣ አፈር እንደ ኩበት ሲነድ እያየሁ እግሬን እሞቃለሁ። ይህም ግራ ያጋባኛል።

የወይዘሮ ፔግ እንግሊዝኛ ሌላው ፈተናዬ ነው። የእኔ ለስብሰባ ይበቃል፤ ለእሳቸው ግን አይደርስም። የሺ፣ ከእኔ ያነሰ እንግሊዝኛ ያላት ሴት፣ ከእሳቸው ጋር ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ለቅሶ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሳቅ። ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና እንደገና ተቀመጥኩ።

ቀዩ ሹራብ

በነጋታው የሺ ለቁርስ ስትወርድ ጥቁሩ የለም። ቀይ ሹራብ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ፈታዋለች። ሹራቡን የገዛችው በመጀመሪያው ጉዟችን ሲሆን በወይዘሮ ፔግ ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚከርመው። አምናም እንዲሁ አድርጋ ነበር። ያኔ ሐዘን የሰውን ጠባይ ይለዋውጣል ብዬ አለፍኩት።

ዘንድሮ ግን የተላክሁ ሰው ነኝ። በሆዴ እትዬ ጽጌን አመሰገንኩና «በቃ፣ ወለቀ ማለት ነው?» አልኳት።

«ሮም ስንገባ እለብሰዋለሁ» አለች፤ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች።

ያን ቀን በዳርቻው ከኋላዋ እየተከተልኩ ሄድኩ። እሷ ጫማዋን አውልቃ በዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ትራመዳለች፣ ድንጋይ ትለቅማለች፣ ታንጎራጉራለች። ሮም ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ የሚላት ሴት እዚህ እንደ ኮረዳ ትስቃለች። አበደችብኝ እንዴ? ወይስ ባልቴቲቱ ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው? ወይስ ለወንድሟ ያለቀሰችው ለይሉኝታ ነበር? ይህ የመጨረሻው ሐሳብ አስቆጣኝ። አሰግድ በእኔ ዓይን ለይሉኝታ የሚለቀስለት ሰው አልነበረም።

ቀሚሱን እንዴት እንደያዝኩት

በሦስተኛው ቀን የሺ እንቁላል ልትገዛ ስትወጣ የተላክሁበትን ልወጣ ተነሣሁ። ጥቁሩን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ አጣጥፌ ወደ ወጥ ቤት ይዤው ወረድኩ። ከሌለ አትለብሰውም፤ እትዬ ጽጌም በደስታ ይመርቁኛል። ወይዘሮ ፔግ ሊጥ እያቦኩ ነበር። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። የባለቤቴ ወንድም እንደሞተ፣ በአገራችን ባህል ዓመት ከሞላ ጥቁር እንደሚወልቅ፣ ሽማግሌዎች እንዳዘዙ፣ ስለዚህ ቀሚሱን ለድሃ ይስጡልኝ ወይም ምድጃው ውስጥ ይጨምሩልኝ አልኳቸው።

ወይዘሮ ፔግ ዱቄት የነካ እጃቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱን ቃላቸውን ሰማሁ።

«የትኛው ወንድሟ? ያ ደብዳቤ የሚጽፍላት?»

የሺ ያላት አንድ ወንድም ነው። ሌላ እንዳላት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ወንድም፣ ማንንም አላገኘሁም። ወይዘሮ ፔግ ደነገጡ። የማይነገር ነገር እንደተናገሩ ገብቷቸው ነው መሰል፣ ዱቄት በነካ እጃቸው ቀሚሱን አንሥተው መልሰው ደረቴ ላይ አደረጉልኝ።

በድንጋዩ ላይ

የሺ እንቁላሉን ይዛ ስትመጣ ደጅ በካቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀሚሱን እንዳቀፍኩ አገኘችኝ። አየችኝ፣ ቀሚሱን አየች፣ እንቁላሉን መሬት አኖረችና አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ከዚህ መንደር ለወንድሟ ፖስት ካርድ ልካለት ነበር፤ ጀርባው ላይ የወይዘሮ ፔግ አድራሻ ነበረበት። አሰግድ በጓደኞቹ የተነሣ ሲፈለግ ከአዲስ አበባ ጠፍቶ በእግሩ ሱዳን ገባ። ወደ ሮም መጻፍ ፈራ። የእኔ እንጀራ ከመንግሥት እጅ ነው፤ ቤታችንም ኤምባሲ የሚመላለስ ሰው አይጠፋበትም። ስለዚህ በኪሱ ወደያዘው ፖስት ካርድ አድራሻ ጻፈ። ወይዘሮ ፔግ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ አስቀምጠው አምና ሰጧት። በአዲስ አበባ ለቅሶውን የተቀመጡት እናቷ ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው እንዳልሞተ እያወቁ፣ ድንኳን አስተክለው፣ ደረት ደቅተው። ከለቅሶው ወዲህ ፈላጊዎቹ ቤታቸውን መፈተሽ ተዉ። ልጅ በሕይወት አለ ማለት ለእናት እስር ነው። ሮም ውስጥ የሚታየው ጥቁር ደግሞ ተሰምቶ አዲስ አበባ ይደርሳል።

የዘንድሮውን ደብዳቤ ከሹራቧ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። የአሰግድ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያችን የተንጋደደች ፊደሉን የማላውቃት አይደለሁም። ካርቱም ውስጥ ሰዓት ይጠግናል። መጨረሻው ላይ «እማ እዚያ እስካለች ድረስ እኔ ሞቻለሁ፤ አደራ» ይላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከደስታው በላይ ተናደድኩ። ያ ሁሉ እንባዬ ለማን ነበር? ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ፣ ዓመት ሙሉ እንዴት ትደብቂኛለሽ አልኳት።

«ኤምባሲ ፓስፖርት ስታሳድስ ስለ አሰግድ ጠይቀውህ አልነበር? ዓይንህ እንባ አቀረረ፤ አመኑህ። አንተ ሐሰት አይሆንልህም፤ ሁሉ ነገር ፊትህ ላይ ይነበባል» አለችኝ። ቀጥላም ለሦስት ወር ሳትነግረኝ የቆየችውን መልሷን ነገረችኝ። «ብንመለስ እናቴ ቤት በገባን ቀን ለቅሶው እንደ አዲስ ይቀመጣል። እነዚያው ሰዎች መጥተው ያዩኛል። በሕይወት ያለ ወንድሜን እነሱ ፊት ማልቀስ አልችልም። አንተ መመለስ ከፈለግህ አልይዝህም።»

ቤቴን አሰብኩት፤ የግቢውን ባሕር ዛፍ፣ ለጡረታዬ ያሰብኩትን በረንዳ። ከዚያ ብርድ ስለሆነ እንቁላሉን አንሥቼ እንግባ አልኳት። ማዘኔን አልደብቅም፤ ለአሰግድ ያላለቀ እንባ ቀርቶኝ ኖሮ ያን ቀን ለቤቴ ወጣ።

የቀሩትን ቀናት ስለ ባሕሩ ብዙ አልጻፍኩም። ዘነበ፣ አባራ፣ ዘነበ። ዓሣ በላን። ወይዘሮ ፔግ ወደ እኔ ሲዞሩ ቃላቸውን እየቆራረጡ መናገር ጀመሩ፤ እኔም ግማሹን መስማት ቻልኩ።

መልስ

ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ የሺ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። ነጠላዋን ስትዘቀዝቅ አገዝኳት። ተርሚኒ ስንወርድ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው ጥቁር ክራባት ገዛሁ።

ለአዲስ አበባ መልሴን በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። ባለቤቴ ከወንድሟ ሐዘን ስላልወጣች ለጊዜው ልንንቀሳቀስ አንችልም አልኩ። ከላክሁት ደብዳቤ ሁሉ ያለ ስርዝ ድልዝ የጻፍኩት ያ አንዱ ነው። ከሌሎቹ ጉዞዎች የቦታ ስም ተምሬ እመለስ ነበር። ከዚህኛው የተማርኩት፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን አንዳችን ሲያለቅስ ሌላችን ምስጢር ሲጠብቅ እንደነበር ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም።

በእንቁጣጣሽ ቀን ሮም ባለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰበሰብን። ልጆቹ አበባ ይዘው በጣሊያንኛ ይጯጯሃሉ። እትዬ ጽጌ መጀመሪያ የሺን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ክራባቴን።

«ጌታሁን፣ አስወልቃት ብዬ ብልክህ አንተም ለብሰህ መጣህ?»

«ዘንድሮ ገና ገባኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞላ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንግዲህ ነፍሱን ይማር፣ ልጄ።»

ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። የሺ አንገቷን ደፍታለች። ካርቱም ውስጥ፣ በዚያች ሰዓት፣ አሰግድ የሰው ሰዓት ላይ አጎንብሶ ይሆናል። ምሕረት ለቆመ ሰውም ያስፈልጋል ብዬ ለራሴ ነገርኩና፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።