ፊተኛው ፍሬን ዝም ያለ ዕለት

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ሳስተምር ከምንም በላይ የምወደው ብስክሌቴን ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ የቀበሌያችን ወጣቶች በጢስ ዓባይ መንገድ ውድድር አዘጋጁና ተመዘገብሁ። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። መንገዱ ጠጠርና ጭቃ ነው። መሐሉ ላይ ብስክሌትን በትከሻ ተሸክመው የሚሻገሩት ጅረት አለ፤ ከጅረቱ በፊት ደግሞ ቀጥ ያለ ቁልቁለት።

ያስጨነቀኝ ቁልቁለቱ ነበር። የፊቱን ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ብስክሌቷ ሲጢጥ እያለች ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል፤ ጥርሴ ሳይቀር ይንገጫገጫል።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ገበያው አጠገብ ብስክሌት ለሚጠግኑ ሽማግሌ ወሰድሁላቸው። ሰው ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው።

«ሐጂ፣ ይችን ካላዳኑልኝ ቁልቁል ሄጄ ጅረቱ ውስጥ ነው የምወድቅ» አልኋቸው።

«አይዞሽ ልጄ፣ በሽታዋን እናገኘዋለን።»

መጀመሪያ ቸርኬውን በሳሙና አሽተው አደረቁት። ቀጥለው ሁለቱን የፍሬን ላስቲኮች አላሉና፣ በየኋላ ጫፋቸውና በቸርኬው መካከል የታጠፈ ወረቀት ሸጉጠው መልሰው አጠበቋቸው።

«የፊት ጫፉ ቀድሞ ይንካ። ሙሉው ባንዴ ሲነክስ ነው የሚያንዘፈዝፋት» አሉኝ ወረቀቱን እያወጡ።

ዘልዬ ወጣሁባትና እስከ ሐይቁ ዳር ነድቼ ተመለስሁ። ሲጢጥ ማለቱን ትታለች፤ መንቀጥቀጡ ግን አለ። ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። ይኸኔ በር ላይ ልብስ ይሰፉ የነበሩት ባለቤታቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙና፣

«የኔ መኪና እንዲህ ሲያደርጋት የላላው መርፌው አልነበረም፤ መርፌውን የያዘው ነው። አንገቷን አይተውላታል?» አሏቸው።

ሐጂ የፊቱን ፍሬን ጨምቀው ይዘው ብስክሌቷን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረጓት። ከመሪው ሥር ቀጭ ቀጭ አለ።

«አንቺ ሴት፣ አገኘሽው!» ብለው ጮሁ።

የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ ኖሯል። ፈቱት፤ ግራሶ ቀቡት፤ አጥብቀው አሰሩት። ደግሜ ነዳሁ። በሙሉ ፍጥነት መጥቼ ፊት ለፊታቸው ፍሬኑን ስይዘው ብስክሌቷ ጸጥ ብላ ቆመች! ከደስታዬ ብዛት የሐጂን ባለቤት አቅፌ ሳምኋቸው።

የውድድሩ ቀን ሲነጋ ዝናብ ጥሎ ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ስንደርስ ወንዶቹ ፈርተው ቀዘቀዙ። እኔ ለቀቅሁት! ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ሳደርግ ፍሬኑ እንደ ታዛዥ በቅሎ ይሰማኛል። ከፊቴ ከነበሩት አራቱን ባንድ ትንፋሽ አለፍኋቸው። «ኧረ ቀስ በይ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጅረቱን ብስክሌቴን ተሸክሜ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስሻገር እየሳቅሁ ነበር።

ሦስተኛ ወጣሁ። ጭቃዬን ሳልታጠብ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱቅ በረርሁ።

«ሦስተኛ! ሐጂ፣ ሦስተኛ ወጣሁ!»

ባለቤታቸው እልል አሉ። ሐጂ ግን ብስክሌቷን ከእጄ ተቀበሉኝ። ስድሳን ያለፉት ሰውዬ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡባትና፣ ባለቤታቸው «ኧረ ይውረዱ፣ ይሰበራሉ!» እያሉ ሲከተሏቸው፣ በሐይቁ መንገድ ሽምጥ ጋለቡ።