በስሕተት የተለቀሰለት ወዳጄ

የአፍሪካ ዋንጫ ሲደርስ አራት ሽማግሌዎች ሥራ እናገኝ ነበር። አንዱ ሱዳናዊ፣ አንዱ ኡጋንዳዊ፣ አንዱ ናይጄሪያዊ፣ አራተኛው እኔ። ያገናኘን አዲስ አበባ ነው። በንጉሡ ዘመን ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጥ ስለነበር ሦስቱም በዚያ መጡ፤ የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤትም አራታችንን በአንድ ክፍል አኖረን። ትምህርቱ ሲያልቅ እነሱ ወደየአገራቸው ገቡ፤ እኔም በእርሻ ባለሙያነት ተመድቤ ጣርማ በርን ቁልቁል ወረድኩና ሸዋ ሮቢት ቀረሁ። ለብዙ ዘመን ተጠፋፍተን ከኖርን በኋላ የኡጋንዳዊው የልጅ ልጅ አፈላልጋ በስልክ አንድ ቡድን ውስጥ ሰበሰበችን።

የምንጻጻፈው በአማርኛ ነው። የእነሱ አማርኛ በተማሪነት ዘመን ከመኝታ ቤትና ከሻይ ቤት የተለቀመ ስለሆነ ከባለቤቶቹ ጋር አላረጀም፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ጎረምሳ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ስሕተት አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ግሱን አርማለሁ፣ ፆታውን አርማለሁ። ናይጄሪያዊው በዚህ ምክንያት «የኔታ» የሚል ስም አወጣልኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁላችንም ሸብተናልና እርስ በርስ «አንተ» መባባሉ ባይከፋም፣ አንዳችን ስለ ሌላው ስናወራ በአክብሮት ብናወራ ይበጃል ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ሳቁብኝ። ኡጋንዳዊው ግን ነገሩ አስደሰተውና ከዚያ በኋላ ስለ እኛ በጻፈ ቁጥር «መጥተዋል»፣ «በልተዋል»፣ «ተኝተዋል» ይል ጀመር።

ባለፈው ታኅሣሥ ውድድሩ ሲቃረብ የተለመደው ስድብ ተጀመረ። የናይጄሪያ፣ የኡጋንዳና የሱዳን ቡድኖች አልፈዋል፤ የእኛ አላለፈም።

«ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተ፣ ድግሱን የምንበላው እኛ!» ሲል ናይጄሪያዊው ጻፈ። ውድድሩን ከመሠረቱት አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ሱዳን እንዳሉበት ያውቃል።

«እኔ ገብቻለሁ» አለ ሱዳናዊው። «ለወንድሜ ሥጋ በኪሴ ይዤለት እወጣለሁ።»

«ጾም ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ሽሮ እይዛለሁ። ኪሴ ግን ይበላሻል።»

ይህን የጻፈው ከገዳሪፍ ነው። ጦርነቱ ከኦምዱርማን ቤቱ አፈናቅሎት ከአንዲት ልጁ ጋር በኪራይ ክፍል ይኖር ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ በሕይወት የሚያኖረው እጥበት ነው፤ እጥበቱም መብራት ሲኖርና ዕቃው ሲደርስ ብቻ ነው። ተራው ባለፈ ቁጥር ፊቱና እግሩ ያብጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየማለዳው ስልካችንን የምንከፍተውም እሱ መጻፉን ለማየት ነው። በእኛ አካባቢ አጣዬ በተቃጠለ ጊዜ፣ ኋላም መንገዱና ኔትወርኩ ሲቋረጥ፣ እሱ ከሰላም አገር ሆኖ «የኔታ፣ አለህ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ጠያቂው እኔ ሆንኩ።

በክፍሉ ቴሌቪዥን የለም። ስለዚህ ጨዋታውን እኔ በጽሑፍ አደርስለት ነበር። አስፋልት ዳር ካለው ሆቴል ግቢ፣ ከሹፌሮችና ከመንገደኞች መካከል ተቀምጬ፣ ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች፣ ማን እንደወደቀ፣ ዳኛው ምን እንዳለ እጽፍለታለሁ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። «አጻጻፍህ ነው ያስሸነፈን» አለኝ። «ነጥብና ሰረዝ ስታበዛ ልጆቹ ይደክማሉ።»

ሁለተኛው ጨዋታ በገብርኤል ዕለት ሆነ። እሑድ ነበር፤ ከንግሥ ተመልሼ ዐረፍ ካልኩ በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። በዋዜማው ወዳጄ የኩላሊት እጥበቱን አድርጎ ስለነበር ድምፁ አልተሰማም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከኡጋንዳዊው መልእክት መጣ፦

«ገዳሪፍ ደወልኩ። ልጃቸው አነሣች። ወንድማችን ዐርፈዋል።»

የሆቴሏ ባለቤት ፊቴን አይታ ኖሮ ጠርሙሶቹን እንደያዘች ቆመች። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ሱዳናዊው ወዳጄ ዐረፈ።»

ሄዳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው። ከፊት የተቀመጠ የከባድ መኪና ሹፌር ዞረ። «ምነው እትዬ፣ አሁን ሊጀመር ነው እኮ!»

«ዝም በል። የጋሼ ወዳጅ ሞተው ነው። የሚጫወቱትም ያገራቸው ልጆች ናቸው።»

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ አባቴ። ነፍስ ይማር።»

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ የሚረዳውን ሰው ከብበው፣ ደግፈው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። ኡጋንዳዊው በስልክ፣ ያውም በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፈው። ተቀየምኩት፤ የካምፓላ ሰው የእኛን ወግ ከየት ያውቃል ብዬም ማርኩት። ስልኬን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰፈሩ ቤቴ መጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከእድሩ አግዳሚ ወንበር መጣ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። ወዳጄ እስላም ነውና ከአርጎባ ወገን የሆኑት ሸማኔ ጎረቤቴ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ እኛም አሜን አልን። ከዚያ ስለ ሰውየው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። በዐቢይ ጾም ከእኔ ጋር ሽሮ እየበላ «ወንድሜ እየጾመ ሥጋ ጉሮሮዬን አይወርድም» ይል እንደነበር ነገርኳቸው፤ ይህን ባለ በሳምንቱ ፒያሳ አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ እጁ በክትፎ እንደተለወሰ እንዳገኘሁትም አልደበቅኩ። ሸማኔው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ደግ ሰው ነበሩ» አሉ፤ «ለወዳጁ ብሎ የሚዋሽ ደግ ነው።»

ለወዳጄ ልጅ የማጽናኛ ቃል ልጽፍላት ስልኬን ከፈትኩ። መልእክት ተደራርቦ ገባ። የመጨረሻው የራሱ ነበር፦

«የኔታ፣ የት ገባህ? አሸንፈናል አለችኝ ልጄ። ማን አገባ? ጎሉን ንገረኝ!»

መነጽሬ በእንባ ስለደበዘዘ ዓይኔን አላመንኩትም። ስልኩን ለሆቴሏ ባለቤት ሰጠኋት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ቤቱ ተናወጠ። አንዷ እልል አለች፤ ሌላዋ «የሟች ስልክ ማን ይዞት ነው?» ብላ አማተበች። ሸማኔው እጃቸውን እንደገና ወደ ላይ አነሡ። «ያ ረቢ፣ ያደረግነውን ዱዓ ለዕድሜው አድርግለት።»

«በሐሰት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አለች የሆቴሏ ባለቤት። ሁሉም ተስማማ። ንፍሮው በደስታ ተበላ።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ልጅቱ ለኡጋንዳዊው በእንግሊዝኛ የነገረችው አባቷ ከእጥበቱ በኋላ ደክሞት ጋደም ማለቱን ነው። ኡጋንዳዊው የሚያውቀው «ማረፍ» የድካሙን ብቻ ነበር። «ዐርፏል» ብሎ ቢጽፍ ምናልባት እጠራጠር ነበር፤ «ዐርፈዋል» ብሎ በእኔው ሥርዓት አክብሮ ሲጽፈው ግን፣ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው መጠራጠሪያ አልተወም።

ለወዳጄ ነገሩን ስጽፍለት በሳቅ ጽሑፉ ተሳከረ።

«እኔን በስሕተት ገደላችሁኝ፤ እነዚያም በስሕተት አገቡልን!» የሱዳንን ጎል ያስቆጠረው ተጋጣሚው ራሱ፣ በገዛ መረቡ ላይ ነበር። «አለቀስክልኝ?»

«አለቀስኩ።»

«ስንት ሰው መጣ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ዱዓ ተደረገልኝ?»

«ተደረገልህ። ክርስቲያኑም አሜን አለ።»

እንደገና ሲጽፍ ቀልዱ ቀርቶ ነበር። «እዚህ የሚያውቀኝ የለም። ጎረቤቶቼ ተበትነዋል። ግማሹ ካይሮ ነው፣ ግማሹ አፈር ውስጥ። ብሞት የሚያለቅሱልኝ ልጄና የቤቱ ባለቤት ናቸው። እንግዲህ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ለቅሶ አለኝ። እንዳትሰርዘው።»

አልሰርዝም አልኩት።

ሦስተኛውን ጨዋታ ቢሸነፉም ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡ፤ ሴኔጋል ደረሰቻቸው። በዚያው ሳምንት ለእጥበቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ገዳሪፍ አልደረሰም። ተራው ተላለፈ፤ ቀጣዩም ተላለፈ። ልጅቱ ለኡጋንዳዊው እንደነገረችው መተንፈስ ከብዶት ትራስ ተደግፎ ነው የሚያድረው። እሱ ግን «ቅዳሜ ቦታህን ያዝ» ብቻ ብሎ ጻፈልኝ።

ቅዳሜ ምሽት ቦታዬን ያዝኩ። ገና እንደተጀመረ ሱዳኖች አገቡ። ግቢው ውስጥ የሱዳን ደጋፊ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር፤ ሹፌሮቹ ግን ለእኔ ብለው ተነሥተው አጨበጨቡ። ጻፍኩለት፦ ከሣጥኑ ጠርዝ ተመታች፣ በረኛው ተዘረጋ፣ አልደረሰባትም፣ ገባች።

«ድገምልኝ» አለ።

እንደገና ጻፍኩለት። በዚህኛው ላይ የመቺውን ሩጫ፣ የበረኛውን አወዳደቅ፣ ባንዲራ ለብሰው የሚያለቅሱትን ደጋፊዎች ጨመርኩበት።

«አሁን አቁም» አለ። «ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።»

«ገና መጀመሪያው ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሴኔጋልንም አውቃለሁ። እየመራሁ ልተኛ።»

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የቀረውን ጨዋታ ማን ምን እንዳደረገ ያየሁት ለማንም ሳልናገር ነው። ሴኔጋሎች አቻ ሆኑ፣ አለፏቸው፣ አንድ ጨመሩ። በስልክ ቡድናችን ውስጥ ስለ ውጤቱ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ሲሳደብ የኖረው ናይጄሪያዊ እንኳ አልጻፈም። እኔም ጠብቄ ነበር፤ ሲነጋ «እሺ፣ ስንት ለስንት ሆነ?» ይለኛል ብዬ። አልጠየቀም።

የገና በዓል አልፎ ኡጋንዳዊው ደወለልኝ። ለእኔ አይደውልም ነበር፤ ስለዚህ ስልኩን ሳነሣ ቀድሜ ዐወቅኩ።

«ሞተ» አለኝ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ሌላውን ቃል ፈራሁት፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ሞተ። ትናንት ቀበሩት።»

«ማን ቀበረው?»

«የቤቱ ባለቤት ከነልጆቹ፣ ከመስጊድ የመጡ ሰዎች። ልጅቱ ጥቂት ነበሩ አለችኝ።»

በዚያ ቀን ሽንኩርት የጫነ መኪና ሰፈራችን መግቢያ ላይ ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጮኻል። እኔ አጥሬ ሥር ቆሜ ሸማኔው በጥላ ሥር ሲሠሩ አየኋቸው። ሁለት እርምጃ ሄጄ ብነግራቸው ሥራቸውን ጥለው ይነሡ ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። ጎረቤቶቼም ለሁለተኛ ጊዜ ከመምጣት ወደኋላ አይሉም። ነገር ግን ከመቀመጣቸው በፊት አንዱ፣ በደግነት፣ «ጋሼ፣ አሁንስ እርግጠኛ ነዎት?» ማለቱ አይቀርም። የወዳጄን ሞት በማስረጃ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ማን እንደደወለ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ቃሉ ሁለት ትርጉም እንደሌለው። በእንባ መካከል እንዲህ ያለ ክርክር አልችልም። ደግሞም ለቅሶው ተደርጎለታል። ምንጣፉ ተነጥፎለታል፣ ዱዓው ደርሶለታል፣ አሜኑ ተብሎለታል፤ እንዳልሰርዘው ያዘዘኝም እሱ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሐዘኑ ግን ይህን ሁሉ አይሰማም፤ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ይፈልጋል።

ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሆቴሉ ሄድኩ፤ ቤት መዋል አቅቶኝ ነው። ባለቤቲቱ ደስ ብሏት ወንበሬን ጠራርጋ ሰጠችኝና ከካራቆሬ ለመጡ ሁለት እንግዶች ታወራ ጀመር።

«እኚህ ጋሼ እኮ ሱዳን ላሉ ወዳጃቸው በቁማቸው ያለቀሱላቸው ናቸው! ንፍሮ ቀቅለን፣ ዱዓ አድርገን፣ ሰውየው በማግሥቱ ማን አገባ ብለው አይጽፉም?»

እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንደኛው እንባውን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ አሁን እንዴት ናቸው አባቴ?»

«ሰሞኑን አልጻፈም» አልኩት።

«ኔትወርክ ነዋ» አለች ባለቤቲቱ፣ ጨዋታው ሊጀመር ስለሆነ ድምፁን ከፍ እያደረገች። «እኛስ ያን ጊዜ ስንት ወር ጠፍተን የለ? ይመጣሉ፣ ጋሼ። አይዞዎት።»

«አሜን» አልኩ፤ ወንበሬንም ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩ።